ሙት ወቃሽ ላለመሆን፦ የምንወዳቸውን ሙታን በእውነት ስለ ማስታወስ

«ሙት ወቃሽ አያድርገኝ» የሚለው አባባል ከአንደበታችን አይጠፋም። ስለ ሞተ ሰው አንድ ደስ የማያሰኝ ነገር መናገር የግድ የሆነበት ሁሉ አስቀድሞ ይህን ቃል እንደ ጋሻ ያነሣል። አባባሉ መሠረት አለው። ሟች ቆሞ ራሱን መከላከል አይችልም፤ ያደረገውን ለምን እንዳደረገ አያስረዳም፤ ይቅርታም አይጠይቅም። ስለዚህ አባቶቻችን በሞተ ሰው ላይ ክፉ መናገርን ነውር አደረጉት። ይሁን እንጂ ይህን መልካም ልማድ አንድ ከባድ የግብረ ገብ ጥያቄ ይከተለዋል። የምንወደውን ሟች ስናስታውስ እውነቱን መሸፈን ይፈቀድልናልን? ፍቅር ዝምታን ይጠይቃልን? ወይስ እውነትን የሚፈልገው ፍቅር ራሱ ነው?

ጥያቄው የፈላስፎች ብቻ አይደለም፤ የየቤታችን ነው። በየቁምስናችን ለቅሶ የማይሰማበት ወር የለም። በቀብር ዕለት የሟች የሕይወት ታሪክ ይነበባል፤ በአርባውና በሙት ዓመቱም ዘመድ ወዳጅ ተሰብስቦ ስለ ሟች ይነጋገራል። ብዙ ጊዜ በዚያ ጽሑፍ ውስጥ ሟች ሁልጊዜ ደግ፣ ሁልጊዜ ታጋሽ፣ ሁልጊዜ ለተቸገረ ደራሽ ሆኖ ይቀርባል። ስሙንና የተወለደበትን ስፍራ ብቻ ብንለውጥ ያው ጽሑፍ ለሚቀጥለው ሟች ያገለግላል። እንዲህ ከሆነ ያስታወስነው ማንን ነው? ለሁሉም የሚሆን ታሪክ የማንም ታሪክ አይደለም።

የአንድ ባልና ሚስት ጉዳይ

ነገሩን በጥቅሉ ከማየት በአንድ ጉዳይ ላይ ብንመዝነው ይሻላል። ባለጉዳዩ እንድጽፈው ፈቅደውልኛል፤ ስማቸውንና የሚታወቁበትን ነገር ግን አላነሣም።

አንድ በዕድሜ የገፉ ሰው የባለቤታቸው ሙት ዓመት ሲቃረብ ወደ ቁምስናው ጽሕፈት ቤት መጡ። ባለቤታቸው ከሠላሳ ዓመት በላይ በአዲስ አበባ፣ ከቸርችል ጎዳና ብዙም ባልራቀች ጠባብ ሱቅ ውስጥ የጥንት ዕቃ ሲነግዱ የኖሩ ሴት ነበሩ። በሱቃቸው ጠገራ ብር፣ የብር አምባርና አልቦ፣ የቀንድ ዋንጫ፣ ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ የተሠራ የጅማ ወንበር፣ የቆዳ ጋሻ ይገኝ ነበር። ከገጠር ዕቃ ይዞ የመጣውን ሻጭ ዋጋ ከመነጋገራቸው በፊት ያስቀምጡታል፤ ምሳ ያበሉታል። «የራበው ሰው ዕቃውን በርካሽ ይሰጣል፤ ያ ደግሞ ንግድ ሳይሆን ቅሚያ ነው» ይሉ ነበር። ግዕዝ ማንበብን ከአያታቸው ተምረው ስለ ነበር፣ የቆየ ጽሑፍ ያለበት ዕቃ ያገኘ ጎረቤት ነጋዴ ሁሉ ለማስነበብ ወደ እርሳቸው ይመጣል። ማታ ቤታቸው ሲገቡም ስለ ዕለቱ ዕቃዎች ለባለቤታቸው ሳይተርኩ አይተኙም። «ሠላሳ ስምንት ዓመት አብረን ስንኖር ጨዋታዋ አንድ ቀን አልሰለቸኝም» አሉኝ ባል፤ «አሁን ቤቱ በዕቃ ተሞልቶ ሳለ ባዶ ነው።»

ከዚያም ለሙት ዓመቱ የሚነበብ ስድስት ገጽ ጽሑፍ አሳዩኝ። ጽሑፉ ያማረ ነበር፤ አንዲት እንከን የሌለባትን ሴት ያሳያል። አንብቤ ስጨርስ ግን ከኪሳቸው በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ ትንሽ የእጅ መስቀል አወጡ። መስቀሉን ያገኙት በሟች መሳቢያ ውስጥ ከአንድ ደብተር ጋር ነው። በደብተሩ ላይ ዕቃው የተገዛበት ቀንና ዋጋ ሰፍሯል፤ ሻጩ ወጣት እንደ ነበርና ከየት እንዳመጣው እንዳልተጠየቀም ተጽፏል። ከሥሩ በሌላ ቀለም ሁለት አጫጭር ዐረፍተ ነገሮች ይታያሉ፦ «በእጀታው ላይ ያለውን ጽሑፍ አነበብሁት። የቤተ ክርስቲያን ንብረት ነው።» ከዚያ በኋላ የተጻፈ ነገር የለም። መስቀሉ አልተሸጠም፤ አልተመለሰምም። ዐሥራ አንድ ዓመት በመሳቢያ ውስጥ ኖረ።

«አባ» አሉኝ አዛውንቱ፣ «እርሷ ሌባ አልነበረችም። ይህ ከወጣ ግን ሰው የሚያስታውሰው ይህንኑ ብቻ ነው። ሙት ወቃሽ ከምሆን፣ እኔ ስሞት መስቀሉን አብራችሁ ቅበሩት ብዬ ልናዘዝ?»

አዛውንቱ ይህን የጠየቁት ለጥቅም ብለው አይደለም፤ መስቀሉ ለእርሳቸው አንዳች አያተርፍላቸውም። የጠየቁት ከፍቅር የተነሣ ነው። ለዚህም ነው ጥያቄው በቀላሉ የማይታለፈው። ክፉ የሆነውን ከክፋት የሚያደርገውን ሰው መምከር ይቀላል፤ የማይገባውን ከፍቅር ሊያደርግ የተነሣውን ሰው መምከር ግን ከባድ ነው።

ሙያው ራሱ የሚያስተምረን

የጥንት ዕቃ የሚያውቅ ሰው አንድ ዕቃ ሲቀርብለት ሦስት ነገሮችን ይመረምራል። ከየት መጣ? እውነተኛ ነው ወይስ ተመሳስሎ የተሠራ? መልኩስ እንደ ቆየ ነው ወይስ ተነካክቷል? ያረጀን ብር በአመድና በሎሚ ፈትጎ ማብረቅረቅ ላላወቀ ሰው ደስ ያሰኛል፤ የሚያውቅ ግን ያዝናል። ዘመናት ያሳረፉበት ጥላ ከተፋቀ ብሩ ትናንት ከተሠራው አይለይምና። እኚህ ሴት ይህን ለደንበኞቻቸው ሳይሰለቹ ያስረዱ እንደ ነበር ባለቤታቸው ነግረውኛል። ታዲያ እነዚያ ስድስት ገጾች ምን አደረጉ? ሴትየዋ በብር ላይ እንዳይደረግ የከለከሉትን በራሳቸው ላይ አደረጉባቸው፤ ፈትገው አብረቀረቁአቸው።

በየጥንት ዕቃ ሱቁ የሚታየው ጠገራ ብርም ስለዚህ ነገር የሚነግረን አለው። ማርያ ቴሬዛ የተባለው ይህ ብር የተጻፈበት ዓመት 1780 እ.ኤ.አ. ነው፤ ይኸውም የኦስትሪያ ገዥ የነበረችው ንግሥት ያረፈችበት ዓመት ነው። ከዚያ በኋላ ግን በቪየና ለረጅም ዘመን፣ በ1930ዎቹና በ1940ዎቹም እ.ኤ.አ. በሮማ፣ በለንደንና በቦምቤይ ጭምር ሲመታ ሁልጊዜ ያው ዓመት ይቀረጽበት ነበር። እንግዲህ በብሩ ላይ የተጻፈው ብቻ የብሩን ዕድሜ አይነግርም። በመቃብር ድንጋይና በሕይወት ታሪክ ላይ የሚጻፈውም እንዲሁ ነው፤ ጽሑፉ ከልማድ የተቀዳ ከሆነ፣ ሰውየው ማን እንደ ነበረ ከእርሱ አይታወቅም።

በዚያው ብር ላይ የንግሥቲቱን ራስ የሸፈነው የመበለትነት መጎናጸፊያዋ ነው። ባልዋ ንጉሠ ነገሥት ፍራንሲስ 1ኛ በ1765 እ.ኤ.አ. ከሞተ በኋላ እስከ ዕለተ ሞትዋ ለ15 ዓመት ጥቁር ለበሰች። በትዳር አብረው የኖሩትንም ጊዜ 29 ዓመት፣ ከ6 ወር፣ ከ6 ቀን ብላ ቈጥራ ጻፈች፤ ሰዓቱን ሳይቀር አሰላች። ታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚሉት ፍራንሲስ በትዳሩ ታማኝ አልነበረም፤ እርስዋም ይህን ታውቅ ነበር። ሆኖም ደስተኛ ትዳር እንደ ነበራቸው መዘገበች። ይህ ውሸት ነውን? አይደለም። በደሉ የተፈጸመው በእርስዋ ላይ ነበርና ይቅር የማለትም ሆነ ስለ እርሱ ዝም የማለት መብት የእርስዋ ነው። የጉዳያችን ቍልፍ እዚህ ላይ ይገኛል። በእኛ ላይ የተደረገውን መተው እንችላለን፤ በሌላው ላይ የተደረገውን ግን በእርሱ ስም ልንተወው አንችልም።

ቅዱሳት መጻሕፍትና አበው

ቅዱሳት መጻሕፍት የሚወዱአቸውን ሰዎች ፈትገው አያብረቀርቁም። የጴጥሮስን ክህደት አራቱም ወንጌላውያን ጽፈውታል፤ ያን ጊዜ ጴጥሮስ በምእመናን ዘንድ የተወደደ ሐዋርያ መሆኑ እጃቸውን አልያዘውም። ቅዱስ ማቴዎስ የጌታን የትውልድ ሐረግ ሲዘረዝር፣ ሰሎሞን ከኦርዮን ሚስት መወለዱን በመጥቀስ የዳዊትን በደል በዚያው ሐረግ ውስጥ አቆየው። ዳዊት በዚህ ምክንያት ከሐረጉ አልተፋቀም፤ ኃጢአቱም ከታሪኩ አልተፋቀም።

በካቶሊክ መጽሐፍ ቅዱስ ካልዕ መጽሐፈ መቃብያን ምዕራፍ 12 ላይ ያለው ታሪክ ደግሞ ለጉዳያችን በጣም ይቀርባል። የይሁዳ መቃቢስ ሰዎች በጦርነት የወደቁትን ጓደኞቻቸውን ለመቅበር ሲመጡ፣ በእያንዳንዱ ሟች ልብስ ሥር የያምንያ ጣዖታት ምልክት አገኙ። ይሁዳ ምን አደረገ? ዕቃዎቹን ሸሽጎ «ጀግኖች ነበሩ» ብሎ ብቻ አልቀበራቸውም። ወደ ኋላ ትቶአቸውም አልሄደም። በደላቸውን በግልጥ አውቆ፣ ኃጢአታቸው እንዲደመሰስ ከሕዝቡ ጋር ጸለየ፤ ብር አሰባስቦም ስለ እነርሱ መሥዋዕት እንዲቀርብ ወደ ኢየሩሳሌም ላከ። ቤተ ክርስቲያናችን ስለ ሙታን የምትጸልየው ጸሎት አንዱ መሠረት ይህ ነው። እናስተውል፤ ሟች እንከን የለበትም ብንል ለምን እንጸልይለታለን? በደሉን ፈጽሞ የካደ ሰው ሟቹን ከጸሎት ይከለክለዋል።

ቅዱስ አውግስጢኖስም እናቱ ቅድስት ሞኒካ በ387 እ.ኤ.አ. በኦስትያ ካረፈች በኋላ ስለ እርስዋ ሲጽፍ ይህንኑ መንገድ ተከተለ። ልጅ ሳለች ከወይን ጠጅ ጋን በስውር መቅመስ ለምዳ እንደ ነበርና አንዲት አገልጋይ ሰድባት ያን ልማድ እንደ ተወች ጻፈ። አባቱ ፓትሪክዮስ ቁጡና በትዳሩ ያልታመነ እንደ ነበረም አልሸሸገም። በመጨረሻ ግን ለሁለቱም ጸለየ፤ አንባብያንም በመሠዊያው ፊት ሁለቱን እንዲያስቡአቸው ለመነ። ሞኒካን የሚወዳት ትውልድ ሁሉ ስለዚያ የልጅነት ልማድዋ አላቃለላትም፤ እንዲያውም በዚያ ምክንያት ሰው መሆንዋን አወቀ። ይኸው አባት ስለ ሙታን መደረግ ስለሚገባው በጻፈው መጽሐፍ፣ የቀብር ሥነ ሥርዓት ድምቀት ሟቹን ከመርዳት ይልቅ ሕያዋንን እንደሚያጽናና አስተምሯል።

ዝምታ፣ ውሸትና ዕዳ

እንግዲህ የሟችን ጓዳ ሁሉ በአደባባይ እንዘርግፍ ማለት ነውን? ፈጽሞ አይደለም። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ በቍጥር 2477 የሰውን መልካም ስም ማክበር ግዴታ መሆኑን ያስተምራል፤ ያለ በቂ ምክንያት የሌላውን ስሕተት ለማያውቁ ሰዎች መግለጥ፣ የተነገረው እውነት ቢሆን እንኳ በደል ነው። ሰው በሞቱ መልካም ስሙን አያጣም። ስለዚህ ሦስት ነገሮችን መለየት ያስፈልገናል።

በመጀመሪያ፣ ከሟች ጋር ያበቃና ማንንም የማይጎዳ ድካም አለ። እርሱን በዝምታ መሸፈን ይገባል። ዝምታ ግን ውሸት እንዳይሆን እንጠንቀቅ። ከጽሑፉ አንድ ነገር መተው አንድ ነው፤ «አንድ ቀን ሰው አስቀይማ አታውቅም» ብሎ ባዶውን በሐሰት መሙላት ሌላ ነው። ሁለተኛ፣ በእኛ በራሳችን ላይ የተፈጸመ በደል አለ። እርሱን ይቅር ልንል ታዘናል፤ ይቅርታችንን ለሟች ልንነሣው አይገባንም። ሦስተኛ፣ ሟች ለሌላ ሰው ሳይከፍል የተወው ዕዳ አለ። ይህ ግን በዝምታም በይቅርታም አይዘጋም። ትምህርተ ክርስቶስ በቍጥር 2412 የተሰረቀ ነገር ለባለቤቱ ሊመለስ እንደሚገባ ይናገራል። በሥነ ምግባር ትምህርት የቆየው የላቲን ብሂልም «ዕቃ ወደ ባለቤቱ ይጮኻል» ይላል። ያዡ ቢሞት ጩኸቱ አይቆምም፤ ወደ ወራሹ ጆሮ ይተላለፋል።

«ሟች ራሷን መከላከል አትችልም» የሚለው ክርክርም እዚህ ላይ ተገልብጦ ይታያል። ሟች መናገር እንደማትችል ሁሉ መመለስም አትችልም። ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ መስቀሉን ያልሸጡት፣ በደብተራቸው ላይም እውነቱን የጻፉት ሕሊናቸው ስላልተኛ ነው። ያነሣቸው ድፍረት ብቻ ነበር። መስቀሉን ከባላቸው ጋር መቅበር ስማቸውን አያድንም፤ የጀመሩትን ንስሐ ግን ለዘለዓለም ሳይፈጸም ያስቀረዋል። ሙት መውቀስ ማለት ይህ ነው ብንል አልተሳሳትንም።

መመለስ አያሳፍርም

በአገራችን የጥንት ዕቃ ጉዳይ የግል ሕሊና ጉዳይ ብቻ አይደለም። አዋጅ ቁጥር 209/1992 ስለ ቅርስ ጥበቃ ደንግጓል፤ ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትም የተከለከለ ነው። ሕግ ቢኖርም ገዢ እስካለ ድረስ ሌባ አይጠፋም። አፍሮ አይገባ የተባለው የላሊበላ መስቀል በ1997 እ.ኤ.አ. ተሰርቆ በአንድ የቤልጅግ ዕቃ ሰብሳቢ እጅ ከተገኘ በኋላ በ2001 እ.ኤ.አ. ወደ ስፍራው ተመልሷል። በ1868 እ.ኤ.አ. ከመቅደላ ከተዘረፉት ንዋያተ ቅድሳት አንዱ የሆነ ታቦት በስኮትላንድ፣ በኤድንበርግ ከተማ በምትገኝ አንዲት የኤጲስቆጶሳዊት ቤተ ክርስቲያን ቁም ሣጥን ውስጥ በ2001 እ.ኤ.አ. ተገኝቶ በ2002 እ.ኤ.አ. ለኢትዮጵያ ተመለሰ። ታቦቱን የመለሱት ምእመናን በአያቶቻቸው ዘመን የተደረገውን ለምን ገለጣችሁ ተብለው አልተነቀፉም፤ አዲስ አበባ ላይ በታላቅ ደስታ ሕዝብ ወጥቶ ተቀበለው። የመለሰ ሰው ስሙ አይጎድፍም።

አዛውንቱም ነገሩን ለጥቂት ሳምንታት ካሰቡበት በኋላ፣ በእጀታው ላይ ስሟ የተጻፈው ቤተ ክርስቲያን የምትገኝበትን የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ሀገረ ስብከት ጽሕፈት ቤት ጠይቀው መስቀሉን በእጃቸው አስረከቡ። የተቀበሏቸው ካህን የሟችን የክርስትና ስም ጠይቀው በጸሎት እንደሚያስቧቸው ቃል ገቡላቸው። ከስድስቱ ገጾችም ሁለቱ ብቻ ቀሩ። በእነዚያ ውስጥ ስለ ተራበው ሻጭ የሚሉት ነበረ፤ የግዕዙ ንባብም የማታው ጨዋታም ነበረ። በመጨረሻም አንድ ዐረፍተ ነገር ተጨመረ፦ «ሳትከፍለው የቀረችውን አንድ ዕዳ ከፍዬላታለሁ፤ እናንተም በጸሎታችሁ አግዙኝ።» ዕዳው ምን እንደ ሆነ አልተገለጠም፤ የሚያስፈልግም አልነበረም። በዚያ ቀን ጽሑፉን የሰማው ጉባኤ የሳቀበትም ያለቀሰበትም ጊዜ ነበር፤ የተነገረለትን ሰው ያውቅ ነበርና።

ውድ ምእመናንና የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን፣ በየቤቱ የሕይወት ታሪክ ጻፉ ተብላችሁ ስትጠየቁ ሟቹን ከሌላው ሰው የሚለየውን ነገር ፈልጉ። ያልነበረውን በጎነት አትጨምሩለት፤ የነበረው ይበቃዋል። ድካሙን ለወሬ አታውጡ። ነገር ግን ቤተሰቡን ለብቻው ሰብስባችሁ «የተበደረው፣ በአደራ የያዘው፣ የተጣላው፣ ሳይመልስ የቀረው ነገር አለን?» ብላችሁ ጠይቁ። ካለም ተዝካር ከመደገሱ በፊት ይመለስ፤ የተጣላው ሰው ተጠርቶ ይታረቅ። ለድግሱ ከሚወጣው ገንዘብ ጥቂቱ ያልተከፈለ ደመወዝ ቢዘጋበት፣ ለሟች ከብዙ ወጥ ይልቅ የሚጠቅመው ያ ነው።

የጥንት ዕቃ ዋጋው የሚጨምረው ዕቃው ስለ ቆየና ባለቤቱ ስለ ሞተ ነው። ሰው ግን እንዲህ አይደለም። የሰው ክብር በእግዚአብሔር አምሳል መፈጠሩ ነው፤ ሲሞት አይጨምርም፣ አይቀንስምም። ስለዚህ እንድናከብረው እንከን የለሽ መሆን አያስፈልገውም። ከየት እንደ መጣ የሚያውቅ፣ ጭረቱን ሁሉ ያየ፣ ሆኖም በውድ ዋጋ የገዛው ጌታ አለው። እኛም የምንወዳቸውን በእርሱ ፊት እንዳሉ እናስባቸው፤ የተዉትን ዕዳ እንክፈልላቸው፤ የቀረውን ለምሕረቱ እንተውለት።